ሾርባው ያልተጠቀሰበት ምስክርነት

እሑድ ጠዋት እናትየው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ስልኩን ትራሷ ላይ አስደግፋ የትንሿን ልጇን ምስክርነት እንደገና ከፈተችው። ሳምንቱን ሙሉ ስትከፍተው ስለከረመች ትልቋ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሳትወድ በግድ ሸምድዳዋለች፤ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደሚወሰድ፣ የቱ ጋ እንባ እንደሚመጣ፣ የቱ ጋ ጉባኤው «አሜን» እንደሚል ሁሉ ታውቃለች። «ሦስት ቀን ሙሉ እህል በአፌ አልዞረም» ይላል ከስልኩ የሚወጣው የእህቷ ድምፅ። «መድኃኒት አልወሰድኩም። የሰው እጅ አልነካኝም። በማግስቱ ጠዋት አፌን ስከፍት የጠፋው ድምፄ ተመልሶ አገኘሁት።» እዚህ ጋ ጭብጨባው ይፈነዳል። እናትየው ዐይኗን ጨፍና ጭብጨባው ውስጥ ትንሽ ትቆያለች። ሰፊዋ ደግሞ ካውያውን ከፍ አድርጋ ይዛ ጭብጨባው እስኪያልቅ ትጠብቃለች። የምትተኩሰው የእህቷን የመዘምራን ልብስ ነው፤ ነጭ ኮሌታ ደግሞ በንዴት አይተኮስም።

የሰው እጅ አልነካኝም! ትንሿ ልምምድ በዝቶባት ድምፅዋ የተዘጋ ጊዜ ካሮት እሳት የሆነበት ሳምንት ነበር። ሰፊዋ የደንበኛ ቀሚስ አስቀምጣ ገበያ ወጣች፣ ተከራክራ ገዛች፣ ከዶሮ አጥንት ጋር ቀቀለች፤ ቅንጣቱ ጉሮሮ እንዳይቧጭር በነጠላ ጨርቅ አጠለለችው፤ እፍ ብላ አቀዝቅዛ በማንኪያ አጠጣቻት። ማታ ማታ ፎጣ አከናንባ በፍል ውኃ እንፋሎት አጠነቻት። ባለቀሚሷ ደንበኛ መጥታ «እኔ ለሠርግ ነው የሰጠሁሽ ወይስ ለተዝካር?» ብላ ጮኻባት ሄደች። ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፤ ማንም ያመስግነኝ አላለችም። አንዲት ቃል፣ «እህቴ» የምትል አንዲት ቃል ብትገባበት ኖሮ ይበቃት ነበር። ረቡዕ ዕለት አላስችል ብሏት «እማ፣ ሾርባውስ?» ብላ ጠይቃ ነበር። እናትየው ከስልኩ ላይ ቀና ሳትል «ሾርባማ ሁሌ አለ» አለቻት። የተረፈውን ሾርባ እስከ ድስቱ ጠርጋ የጨረሰችው ራሷ እናትየው ናት።

የሚኖሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ መሐሉን መጋረጃ ይከፍለዋል። ከመጋረጃው ወዲያ የእህትማማቾቹ አልጋ፣ ከመጋረጃው ወዲህ የእናትየው አልጋ፣ ምድጃውና መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ሁሉ የትንሿ ነው፤ ትንሿ በመዘምራን ልብስ፣ ትንሿ በማይክሮፎን፣ ትንሿ ከእንግዳ ሰባኪ ጋር። በየፎቶው ያለውን ልብስ የሰፋችው ሰፊዋ ናት፤ ስለዚህ እኔም አለሁበት ብላ የምትቀልድበት ጊዜ ነበር። እናትየው ደስ ሲላት «እሷ ድምፄ፣ አንቺ እጄ» ትላለች፤ ሁለቱንም እኩል ያመሰገነች ይመስላታል። ሰፊዋ ግን አንድ ቀን ሳታስበው አንድ ነገር ገባት፤ የሚጨበጨበው በእጅ ነው፣ ለእጅ ግን ማንም አጨብጭቦ አያውቅም።

ነገሩ ቅናት ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ሾርባው ተረስቶ ይቀር ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በር ላይ ወደቀ። የቁልፍ ዘለላ ከወገቡ ስለማይለይ ትንሽ ትልቁ «ጋሽ ቁልፉ» ይለዋል። ስኳር በሽተኛ ነው። የትንሿን ምስክርነት ሰምቶ እሱም እህል ተወ፣ መርፌውንም ተወ፤ እንደ እሷ ሊፈወስ። ሰፊዋ የታደሱትን የመዘምራን ልብሶች ተሸክማ ስትደርስ ፓስተሩ ከሆስፒታል መመለሱ ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። «ምስክርነቱን ሰምቶ ነው» አላት፤ «እኔ ራሴ ‹ሃሌሉያ› ብዬ አጨብጭቤለታለሁ።» ሰፊዋ ያን ጊዜ «ፓስተር፣ እሷ እኮ በልታለች» አለች። አምልጦኝ ነው አለች ለራሷ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቃሉን መንገድ ላይ ስትለማመደው ነው የመጣችው።

ፓስተሩ ነገር የማያቻኩል ሰው ነው። ሰውን በአደባባይ ከመገሠጽ በፊት ለብቻ መንገር የግድ መሆኑን በየዓመቱ ይሰብካል። «ይሄ በሹክሹክታ የሚታረም አይደለም» አለ፤ «ማይክሮፎን ላይ የተባለ ማይክሮፎን ላይ ነው የሚስተካከለው። ሌላም ሰው ነገ መድኃኒቱን ይጥላል። ግን መጀመሪያ ለብቻዋ ይነገራት። እኔ በስልክ ብነግራት ትደነግጣለች፤ ከእህት አፍ ይሻላል። እሑድ ከአምልኮ በፊት ቢሮ ትምጣ። ራሷ ወጥታ ካስተካከለችው እኔ አንድ ቃል አልተነፍስም። ከቀረች ግን ዝም አልልም፤ ሰው ወድቋል።» ሰፊዋ እሺ ብላ ወጣች። ከእህት አፍ ይሻላል የሚለው እስከ ቤት ድረስ ተከተላት።

የዚያን ዕለት ማታ ትንሿ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ፀጉሯን እያበጠረች ታንጎራጉር ነበር። ሰፊዋ የወፍራም ሱሪ እግር መኪናው ውስጥ አስገብታ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረገጠችው። ያ ጨርቅ ሲሰፋ ጎረቤት እንኳን ግድግዳ ይደበድባል። «ፓስተሩ እሑድ ከአምልኮ በፊት ቢሮ ነይ ብሎሻል፤ ስለ ምስክርነቱ ነው» አለች፤ አንገቷን ደፍታ፣ ለመርፌው። ከመጋረጃው ወዲያ «እሺ እትዬ» የሚል መጣ። ትንሿ ለሁሉም ነገር «እሺ እትዬ» ነው የምትለው፤ በሩን ዝጊ ሲሏትም፣ ጨው አቀብዪኝ ሲሏትም፣ ምንም ሳይሏትም። ሰፊዋ ፔዳሉን ለቀቀች። ነገርኳት፣ እሺ አለች ብላ አሰበች። ዓርብ አለፈ፣ ቅዳሜ አለፈ፤ ነገሩን ደግማ አላነሣችውም።

አሁን እሑድ ነው። ትንሿ ታጥባ፣ ፊቷ አብርቶ ከመጋረጃው ወጣች። «እትዬ፣ ዚፑን ሳቢልኝ እስቲ። ወፍሬያለሁ እንዴ?»

«በጾም ማን ይወፍራል» አለች ሰፊዋ።

ትንሿ ከት ብላ ሳቀች። «ክፉ! አፍሽን በመርፌ ነው መስፋት» አለችና ዞራ ጉንጯን ሳመቻት። ሰፊዋ ዚፑን ስትስብ የእህቷ ጀርባ እጇ ሥር ሲተነፍስ ተሰማት፤ ሞቅ ያለ፣ ምንም የማይጠረጥር ጀርባ። ገና ሰዓት አለ። አሁን ብትነግራት፣ አሁን ታክሲ ቢይዙ፣ ቢሮ ገብታ፣ አልቅሳ፣ ከፓስተሩ ጋር ተስማምታ ትወጣለች፤ ራሷ ታስተካክለዋለች፤ ምናልባትም በዚያው ደግሞ ይጨበጨብላታል። «ዛሬ ቀደም ብለሽ…» ብላ ጀመረች። «ድምፄ፣ ነይ ልይሽ!» አለች እናትየው ከአልጋዋ። ትንሿ ሄደች። እናትየው ኮሌታዋን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «እንዴት ያምርብሻል» አለቻት። ኮሌታው ያማረው በማን ካውያ እንደሆነ አልተነሣም። ሰፊዋ ካውያውን ከሶኬት ነቀለች።

እናትየው እግሯን ስለሚያማት ቤት ቀረች። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ከፊት የተቀመጠች ጎልማሳ ሴት ዞር ብላ ትንሿን አፍጥጣ ታያት ጀመር። «አንቺ ነሽ አይደል የመሰከርሽው? ድምፅዋ የተመለሰላት?» ትንሿ አፈር ብላ ራሷን ነቀነቀች። «ውይ የኔ ቆንጆ! ያንን ስሰማ እኮ ከወንበሬ ነው የወደቅኩት። አንተ ረዳት፣ የሷን ተቀበለኝ።» ረዳቱ ሒሳቡን ወሰደና ወደ ሰፊዋ እጁን ዘረጋ፤ «እትዬ፣ ያንቺስ?» ሰፊዋ ከፈለች። እስከዚያ ድረስ እስኪ ስንወርድ እነግራታለሁ ትል ነበር። ሲወርዱ ግን የልብሷን ጫፍ አቃናችላትና ቀድማት ወደ ግቢው ገባች።

ፓስተሩ ቢሮው በር ላይ ቆሟል። ሰዓቱን አየ፣ ትንሿን አየ፤ ትንሿ ከሩቅ እጇን አውለብልባ ሰላም ብላው ከመዘምራኑ ጋር ተቀላቀለች። እሱ ደግሞ ወደ ሰፊዋ በቅንድቡ ጠየቀ። ነገርሻት? ሰፊዋ ራሷን አልነቀነቀችም፤ አልወዘወዘችምም። ዐይኗን ብቻ ሰበረች። ፓስተሩ የገባው እንደመሰለው ከፊቱ ታወቀ፤ ተነግሯት እንቢ ብላለች። ከንፈሩን ነክሶ ወደ ውስጥ ገባ።

መዝሙሩ እንዳበቃ ትንሿ ከማይክሮፎኑ ዞር ሳትል ፓስተሩ ወጣ። አልጮኸም። ሰፊዋ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ስለ ታመመ ቤተሰቡ እንደሚያወራ ሰው ነበር የሚያወራው። ጋሽ ቁልፉ በየትኛው ክፍል እንደተኛ፣ እግሩ እንዴት እንዳበጠ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ነገራቸው። «ይህ የሆነው ከዚህ ቦታ የሰማነውን አምኖ ነው» አለ። «የሰማነው ደግሞ እውነት አልነበረም። እህታችን እዚህ ቆማ አልበላሁም አለች፤ በልታ ነበር። ለብቻዋ ተነግሯታል፤ ቢሮ መጥታ ራሷ እንድታስተካክለው ተጠይቃ ነበር። አልመጣችም። እኔ ይህን መናገር አልፈለግኩም።» የአንድ ሕፃን መጫወቻ ወድቆ ሲንከባለል አዳራሹ ሁሉ ሰማው። የትንሿ ፊት መጀመሪያ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ዐይኖቿ መፈለግ ጀመሩ። ፓስተሩን አልፈለጉም፤ በየወንበሩ፣ በየረድፉ ሄደው ሰፊዋን አገኟት፤ እዚያም ቆሙ።

ሰፊዋ ይህን ቅጽበት ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሰፍታ ፈትታዋለች። ይጣፍጠኛል ብላ ነበር። አፏ ውስጥ ግን የካሮት ቅጠል የሚመስል ምሬት ብቻ ነበር።

«በልቻለሁ» አለች ትንሿ። ማይክሮፎኑ እጇ ላይ ነው። «ሾርባ ጠጥቻለሁ። ሦስቱንም ቀን። እህቴ ናት የሠራችልኝ፤ አጥልላ፣ እፍ ብላ አቀዝቅዛ፣ በማንኪያ። ሥራዋን አስቀምጣ ነው። ያንን ብናገር… ያንን ብናገር ተአምሩ የሚያንስ መሰለኝ። ጋሽ ቁልፉ እንዲህ የሆነው በኔ ነው። ይቅር በሉኝ።» ከዚያ በኋላ ያለውን እንባ ዋጠው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የተገሠጸ ሰው ይቅርታ ከጠየቀ ጉባኤው ተነሥቶ ያቅፈዋል፤ ፓስተሩ ያስለመዳቸው ነው፣ ማንም ተዋርዶ ብቻውን ወደ ወንበሩ እንዳይመለስ። ሰው ተነሣ። ሰልፉ ከመድረኩ እስከ በሩ ደረሰ። አሮጊቶች ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ይስሟታል፣ ጎረምሶች በትከሻቸው ሰላም ይሏታል፣ የታክሲዋ ሴት ከሁሉም በላይ ታለቅሳለች።

ሰፊዋ ተቀምጣ ቀረች። ስትመኘው የከረመችው ቃል፣ «እህቴ» የሚለው፣ በትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች አዳራሹን ሞልቶ አልፏል፤ እሷ ግን እንደ ሌላ ሰው ንብረት ነው የሰማችው። ሰልፉን ታያለች። ከምስክርነቱ ዕለት የበለጠ ሰው ነው የተነሣው። ብትዘምር ይወዷታል፣ ብትዋሽ ያጨበጭቡላታል፣ ስትገሠጽ ደግሞ ይሰለፉላታል። ለሰፊዋ ማንም ተሰልፎ አያውቅም፤ ተሳስታም አታውቅማ! ቢያንስ ማንም ሲያይ አልተሳሳተችም። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ሂጂ እንጂ፣ እህትሽ አይደለችም እንዴ?» ሰፊዋ ተነሥታ እንደ ማንኛውም ሰው የሰልፉ ጭራ ላይ ቆመች። ተራዋ ሳይደርስ የዕለቱ እንግዳ ሰባኪ መድረኩን ያዘ፤ ፓስተሩም ሁለቱን እህትማማቾች በእጁ ጠርቶ ወደ ቢሮ አስገባቸው።

ቢሮው ጠባብ ነው። የስብከቱ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይንዶቆዶቃል። ፓስተሩ ለትንሿ ውኃ ቀዳላትና «ለምን ቀረሽ?» አላት፤ «ብትመጪ ኖሮ እኔ አፌን አልከፍትም ነበር። በእህትሽ ልኬብሽ ነበር እኮ።»

ትንሿ ብርጭቆውን ያዘች። ሰፊዋን አየቻት፤ ረጅም ጊዜ አየቻት። ሰፊዋ ወለሉን አየች።

«ነግራኛለች» አለች ትንሿ። «እኔ ነኝ የቀረሁት።»

ሰፊዋ ውስጥ የተነሣው ምስጋና አልነበረም። ይህንንም ልትወስደው ነው ብላ ነው ያሰበችው። ይቅር ባይነቱንም፣ ደግነቱንም፣ ሁሉንም ጠራርጋ፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ በየቀኑ ሾርባ ብሠራላት እንኳን ይህችን ውለታ አልከፍላትም። ቃሉ ከአፏ የወጣው ከንስሐ ቀድሞ ነው። «ውሸቷን ነው» አለች። «አልነገርኳትም። ማለት… ተናግሬያለሁ። የስፌት መኪናው እየሠራ ነበር። ፔዳሉን ሆን ብዬ ነው የረገጥኩት።»

ፓስተሩ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ትንሿ «ለምን አልጮህሽብኝም እትዬ?» አለች፤ ድምፅዋ አሁን ማንም የማያጨበጭብለት የቤት ድምፅ ነበር። «‹ሾርባዬስ የት ሄደ?› ብለሽ ብትጮሂብኝ እኮ ያኔውኑ እነግራቸው ነበር።» መጮህ የትንሿ ነገር ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ የተሰጠው ለማን እንደሆነ ከልጅነታቸው ያውቁታል።

ፓስተሩ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ስሚኝ» አላት ሰፊዋን። «ክፉ ሥራ ነው የሠራሽው። እህትሽን ወጥመድ ላይ አቁመሽ አየሻት። ይሄን እነግርሻለሁ፣ ግን እዚሁ ነው የምነግርሽ፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ያንቺ ጥፋት ማይክሮፎን አልደረሰም። የኔው ነው የደረሰው። ‹ተነግሯታል› ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ፤ ሳላጣራ። አምስት ደቂቃ ሄጄ ራሴ መንገር ነበረብኝ፤ ከእህት አፍ ይሻላል አልኩና ተገላገልኩ። ወጥቼ አስተካክለዋለሁ። ያንቺን ስም አላነሣም።»

እዚሁ ይቀራል። ሰፊዋ ቃሉ እንደ ምሕረት ሊሰማት እንደሚገባ ታውቃለች። የተሰማት ግን ሌላ ነው። የእህቷ ኃጢአት አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ የሷ ደግሞ አራት ግድግዳ።

ስብከቱ ሲያልቅ ፓስተሩ ማይክሮፎኑን ወሰደና ያለውን አደረገ። «ዛሬ ጠዋት እህታችሁን በመገሠጼ አይደለም የማፍረው፤ ሳይነገራት በመገሠጼ ነው። መልእክቴ አልደረሳትም ነበር። እንቢ አላለችም። እኔ ነኝ ያላጣራሁት። ይቅር በሉኝ፤ እሷም ይቅር ትበለኝ።» እንደገና ጭብጨባ። አንድ ሽማግሌ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገ። ሰፊዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ በፓስተሩም ቀናች። ከኋላዋ ግን ሹክሹክታ ተነሥቷል። «መልእክቱን ማን ነበር የያዘው?» «ጸሐፊዋ ናታ! እሷ ምን የማትረሳው አለ?» «ባለፈውም የልጄን የምርቃት ጸሎት ረስታብኝ…» ሰፊዋ ዞር አለች። የፓስተሩ ቢሮ ጸሐፊ፣ ከሲታዋ ልጅ፣ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ተቀምጣለች። ሰምታለች። ምንም በማታውቀው ነገር ጆሮዋ ድረስ ቀልታ፣ እውነትም ረስቼ ይሆን እንዴ የምትል ይመስል ግንባሯን ቋጥራ እያሰበች ነው።

ሰፊዋ ተነሣች። ለምን እንደተነሣች ኋላ ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃዋለች። ለልጅቷ ብላ ይሁን፣ ለእህቷ ብላ ይሁን፣ ወይስ ያ ሰልፍ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ወደ እሷ እንዲዞር ተመኝታ፤ አንዱን ክር ከሌላው መለየት አልቻለችም። መድረኩ ፊት ደረሰች። ፓስተሩ አይቷት ራሱን ወዘወዘ፤ ግድ የለሽም፣ ተቀመጪ እንደማለት። እሷ ግን እጇን ዘርግታ ማይክሮፎኑን ተቀበለችው።

«መልእክተኛዋ እኔ ነኝ» አለች።

ምንም አልሆነም። ሰዎች እርስ በርስ እየተያዩ ነው። የድምፅ ባለሙያው ፓስተሩ የጨረሰ መስሎት ማይክሮፎኑን ዘግቶታል፤ የሰሟት የፊተኛው ወንበር ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። ከኋላ አንድ ሰው «አይሰማም!» አለ። ሌላው ደግሞ «ድምፅ ጨምሪ እህት!» ሰፊዋ የሞተውን ማይክሮፎን ይዛ ቆማ ቀረች። አሁን ብትመለስ ማንም ምንም አይላትም፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ ያልሰሙት እነሱ ናቸው ማለት ትችላለች። ይህን ማለት እንዴት እንደሚቀል ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ትንሿ ከመዘምራኑ መካከል ወጣች። ዐይኗ አሁንም አብጧል። የራሷን ማይክሮፎን ይዛ ወረደችና፣ ምንም ሳትናገር፣ እፍ ብላ ሞከረችው፤ ትንፋሿ አዳራሹን ሞላው። ከዚያም ወደ እህቷ አፍ አስጠጋችውና ያዘችላት። ማይክሮፎኑ የእጇን ሙቀት እንደያዘ ነበር። ሰፊዋ የኮሌታውን ጫፍ አየች፤ ጠዋት የተኮሰችው፣ አሁን በእንባ ረጥቦ የተሸበሸበው። ሰልፉ ይኑር አይኑር ለማየት ወደ ሕዝቡ አልዞረችም። ትንፋሽዋን ሳበች፤ በወፍራም ጨርቅ ላይ የሚሮጥ የስፌት መኪና እንዳለ፣ ጩኸቱን አልፋ መሰማት እንዳለባት ያህል፣ በሕይወቷ ጮኻ በማታውቀው ድምፅ «መልእክተኛዋ እኔ ነኝ» ያለችውን ደገመችው።